የዳንኩት ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም

የምሠራው ኢንሹራንስ ውስጥ፣ የካሳ ክፍል ነው። መኪናው ተገልብጦ እሱ በሕይወት የወጣ ሹፌር ፊቴ ተቀምጦ ሲያወራ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ «መሪውን በዚህ በኩል ስለሰበርኩት ነው እንጂ አልቆልኝ ነበር!» ቦታው ድረስ ሄዶ ያየው ባልደረባችን የሚያመጣው ሪፖርት ግን ሌላ ነው፤ አፋፉ ላይ አንድ ግንድ ነበር፣ መኪናውን የያዘው እሱ ነው። ሹፌሩ እየዋሸ አይደለም። የተረፈ ሰው መትረፉን የሚያስታውሰው እንደዚያ ነው። እኔም ልቤ ውስጥ የበቀለ እጢ ወጥቶልኝ ከዳንኩ በኋላ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ ስለ መሪው አያያዜ ነበር የሚያወራልኝ። የራሴ ግንድ ምን እንደነበር ቁጭ ብዬ ያሰብኩት አንዲት የማላውቃት ሴት ከደወለችልኝ በኋላ ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ በድካም ነው። ቢሯችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ሲበላሽ ደረጃው መሐል ቆሜ ስልክ የማናግር መምሰል ጀመርኩ። ማታ ማታ ያተኩሰኛል። ቀሚሶቼ ሰፉኝ። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ሳስር ዓይኔ ይጨልማል፤ ቀና ስል ይመለስልኛል። በግራ ጎኔ ከተኛሁ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ በቀኝ ስገለበጥ ይለቀኛል። ደም ማነስ ነው ተባለና የብረት እንክብል ዋጥኩ። አስም ነው ተባለና የሚነፋ መድኃኒት ያዝኩ። ትኩሳቱና ክሳቱ ሲያሳስብ ለቲቢም አክታ ሰጠሁ፤ የለብሽም ተባልኩ። ማንንም አልወቅስም። በእኛ አገር ሰው ሲከሳና ማታ ማታ ሲያተኩሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው፤ መጠርጠሩም ልክ ነው።

አንድ እሑድ እህቴ ቤት ቡና እየጠጣን ስኒው ከእጄ ወደቀ። አላዳለጠኝም፤ ጣቶቼ ናቸው የለቀቁት። ላነሣው ብል እጄ አልታዘዝ አለኝ። «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» ስትለኝ ልመልስላት የፈለግሁት ቃል አፌ ውስጥ ተንከባልሎ ቀረ። አቦሉ ሳያልቅ እጄም አንደበቴም ተመለሱልኝ፤ እንዲያውም ልስቅበት ሞክሬ ነበር። እህቴ ግን ቶናውን ሳታፈላ ነጠላዋን አንሥታ «ተነሺ፣ እንሂድ» አለችኝ።

ቀለል ያለ ስትሮክ ነው ተባለ። ምክንያቱ ሲፈለግ ሐኪሙ ደረቴን ከወትሮው ረዘም አድርጎ አዳመጠና በግራ በኩል ያለው ቫልቭ የጠበበ ዓይነት ድምፅ ሰማ። አገራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ የሚታሰበው በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የሚመጣው የቫልቭ ጉዳት ነው። ለማረጋገጥ ልብን በድምፅ ሞገድ ወደሚያሳየው ምርመራ፣ ወደ ኢኮ ክፍል ላከኝ።

ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። ምርመራውን የምትሠራው ልጅ ደረቴ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ መሣሪያውን እያንሸራተተች ከጓደኛዋ ጋር ስለ ታክሲ ወረፋ ታወራ ነበር። መሐል ላይ ወሬዋን አቋረጠች። ስክሪኑ ለእኔ በግማሽ ይታየኛል። ልቤ በመታ ቁጥር አንድ ነጭ ድብልብል ነገር ከላይኛው ክፍል በቫልቩ በር ወደ ታች ይወርድና መልሶ ይወጣል። ይወርዳል፣ ይወጣል። «ምንድነው እሱ?» አልኳት። «ዶክተር ይነግሩሻል» ብላ ወጣች። ይዛቸው የመጣችው ዶክተርም ስክሪኑን አይተው ሌሎች ሁለት ሐኪሞች አስጠሩ።

ስሙ ማይክሶማ ነው አሉኝ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ከልብ ከራሱ የሚነሣ እጢ በጣም ብርቅ ነው፤ ከሌላ አካል ተነሥቶ ልብ ላይ የሚያርፍ ካንሰር ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከልብ ከሚነሡት ውስጥ ደግሞ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ካንሰር አይደሉም፤ ከእነዚህም አዋቂ ሰው ላይ በብዛት የሚገኘው ማይክሶማ ነው። ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚበቅለው በግራው የላይኛው የልብ ክፍል፣ ሁለቱን የላይኛ ክፍሎች ከሚለየው ግድግዳ ላይ በዘንግ ተንጠልጥሎ ነው። ጎንበስ ስል ዓይኔ የሚጨልመው እጢው ቫልቩ በር ላይ ስለሚወተፍ ነበር። ትኩሳቱና ክሳቱ የመጣው እጢው ኢንተርሉኪን 6 የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ደም ስለሚለቅ ነው። ስኒው የወደቀው ደግሞ ከእጢው ላይ ፍርፋሪ ተቆርሶ ከደሜ ጋር ወደ ጭንቅላቴ ስለሄደ። አስም፣ ደም ማነስ፣ ቲቢ፣ ስትሮክ ሲባል የከረመው ሁሉ የአንድ እጢ ሥራ ነበር።

ቀዶ ሐኪሙ በዕድሜ የታናሽ ወንድሜ እኩያ ነው። «ካንሰር አይመስለንም። ግን አናቆየውም» አለኝ።

«በመድኃኒት አይሟሟም?»

«አይሟሟም። መፍትሔው ማውጣት ብቻ ነው። ዛሬ ማታ ሌላ ፍርፋሪ ቢሄድ ወይም በሩን ቢዘጋው ምንም ላደርግልዎ አልችልም።»

ለኦፕራሲዮኑ ደም የሚተኩ ሰዎች አምጡ ተባልን። የአክስቴ ልጆችና የቢሯችን ሰዎች በማግሥቱ ተሰለፉ። ሁልጊዜ ከእኔ ጋር በፋይል የሚጣላው የሒሳብ ክፍሉ ልጅ እጅጌውን ጠቅልሎ ከፊት ቆሞ ነበር።

እኔ ስለማላውቀው ሰዓት የማውቀውን ሁሉ የነገረኝ ይኸው ቀዶ ሐኪም ነው። የደረት አጥንት መሐል ለመሐል ይከፈታል። ደሙ እንዳይረጋ ሄፓሪን ይሰጣል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም በቱቦ ወደ ማሽን ይሄዳል፤ ማሽኑ ኦክስጅን ሰጥቶ ወደ ትልቁ የደም ቧንቧ ይመልሰዋል። እስከዚያ ድረስ ልቡን ማንም አያገላብጠውም፤ እጢው በቀላሉ የሚቆራረስ ነውና። ፖታስየም ያለበት ቀዝቃዛ ፈሳሽ ገብቶ ልብ ቀጥ ካለ በኋላ ይከፈታል። እጢው የሚወጣው ከነዘንጉ፣ ዘንጉ ከበቀለበት የግድግዳ ቁራጭ ጋር ነው፤ ሥሩ ከቀረ ተመልሶ ሊበቅል ይችላል። የተቆረጠው ቦታ ከልብ ሽፋን በተወሰደ ትንሽ ቁራጭ ይጣፋል። ሌላ እጢ ወይም ፍርፋሪ እንዳይቀር የልብ ክፍሎች ተፈትሸው በጨው ውሃ ይታጠባሉ። ከዚያ ልብ እንደገና ይነሣል።

የወጣውን እጢ ፎቶ በስልኩ አሳየኝ። ብረት ሳህን ላይ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ማስመሪያ አለ። ስድስት ሴንቲ ሜትር። ቢጫና ግራጫ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እዚህም እዚያም ደም የቋጠረ ለስላሳ ነገር ነው። አንዱ ጠርዝ ላይ ጎደል ያለች ቦታ አየሁ። «ስኒውን የጣለችው ይቺ ናት» አልኩት። «ልትሆን ትችላለች» አለኝ፤ ሐኪም ነውና ናት ለማለት አልደፈረም። ከሳምንት በኋላ ገደማ የእጢው የፓቶሎጂ ምርመራ ውጤት መጣ። ማይክሶማ፤ ካንሰር አይደለም።

ማገገሙ ሰው እንደሚያወራው ቀላል አልነበረም። በሦስተኛው ቀን የልቤ ምት ተዘበራረቀ፤ ከልብ ኦፕራሲዮን በኋላ ብዙ ሰው ላይ የሚታይ ነው ብለው በመድኃኒት አስተካከሉት። የደረቴ አጥንት በሽቦ ተሰፍቶ ሳለ ጠያቂ ሁሉ እንደ ባህላችን ትከሻዬን ሊገጨኝ ይመጣል፤ እህቴ በሩ ላይ ቆማ «በእጅ ብቻ! በእጅ ብቻ!» ትላለች። የማስለው ትራስ አቅፌ ነበር። ከምንም በላይ ያስቸገረኝ ግን ያለ ምክንያት የሚመጣብኝ ለቅሶ ነው። አጥሚት የያዘ ሰው በገባ ቁጥር አለቅስ ነበር።

ጠያቂዎቼ ከቤት ሲወጡ ይዘውት የሚሄዱት ታሪክ ግን ለቅሶ አልነበረበትም። «ሳቅ ብላ ነው ኦፕራሲዮን ክፍል የገባችው።» «ሐኪሞቹ እንኳ በጥንካሬዋ ተገረሙ።» «ጸሎቷ ነው ያወጣት።» ማኅበራችን ውስጥ ተነሥቼ እንድመሰክር ተጠየቅሁ። እግዚአብሔርን ማመስገን ደስ ይለኛል፤ አሁንም አመሰግናለሁ። የከነከነኝ ምስጋናው ሳይሆን በምስጋናው መሐል ለእኔ የሚሰጠኝ ማዕረግ ነው። ኦፕራሲዮን ክፍል የገባሁት የሲስተሯን እጅ ጨብጬ፣ እያነባሁ ነው። ይህን ብናገርም «እንግዲህ ትሕትናዋ ነው» ተባለ።

ከእኔ አጠገብ የተኛችው ከጅማ አካባቢ የመጣች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። የእሷ ሕመም ያው በጉሮሮ ሕመም የሚጀምረው የቫልቭ ጉዳት ነው፤ ብረት ቫልቭ ገባላት። የደረታችን ጠባሳ አንድ ዓይነት ነው፤ ሌላው ሁሉ የተለያየ። እኔ ከወራት በኋላ ያለ መድኃኒት ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እሷ ዕድሜ ልኳን ዋርፋሪን ትውጣለች፤ የደሟን መቅጠን በየጊዜው ታስለካለች፤ ማርገዝ ብትፈልግ በጥንቃቄ የሚታቀድ ከባድ ጉዳይ ነው። ሌሊት ሌሊት ሲያመኝ እሷ ነበረች «እትዬ፣ ያልፋል» እያለች የምታጽናናኝ። በጥንካሬ ቢሆን ኖሮ ያለ መድኃኒት ወደ ቤቷ መሄድ የሚገባት እሷ ነበረች።

ከዚያ ስልኩ መጣ። የምትደውለው ከአዳማ ነው። ቁጥሬን ያገኘችው ከእህቴ ጓደኛ ነው።

«እትዬ፣ ባለቤቴ እንደ እርስዎ የልብ እጢ ተገኝቶበት ነው» አለችኝ። «ሕንድ ሄዶ ተከፈተ። ሙሉ በሙሉ ማውጣት አልቻልንም ብለው ዘጉት። እርስዎ እንዴት እንደዳኑ ሰምተን ነው። ምን አድርገው ነው? የትኛው ጸበል? ምን ይበሉ ነበር?»

«የፓቶሎጂው ወረቀት ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅኋት። ፊደል በፊደል አነበበችልኝ። አንጂዮሳርኮማ። በቀኝ በኩል።

ይህን ስም ስለ ራሴ ሕመም ሳነብ አይቼው ነበር። ከልብ ከሚነሡ ካንሰሮች በብዛት የሚገኘው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የቀኙን የላይኛ ክፍል ይይዛል። በዘንግ አይንጠለጠልም፤ ወደ ልብ ሥጋና ወደ ሽፋኑ እየሰረሰረ ይገባል፤ ብዙ ጊዜም ሲገኝ ሳንባ ደርሷል። ሙሉ በሙሉ ሊወጣ የቻለላቸው ሰዎች የተሻለ ዕድሜ ያገኛሉ፤ ብዙዎቹ ግን በኬሞቴራፒም ቢሆን ከአንድ ዓመት ብዙም አይሻገሩም። ይህን ሁሉ ለእሷ መንገር የእኔ ድርሻ አልነበረም። ሐኪሞቹ ነግረዋታል፤ ስልክ ያስደወላትም ከዚያ ሌላ የሚል ሰው ፍለጋ ነው።

«እህቴ፣ እኔ ያደረግሁት ነገር የለም» አልኳት። «የእኔ ሌላ ዓይነት ነው። ካንሰር አልነበረም። ተቆርጦ የሚያልቅ ነው።»

ትንሽ ቆየችና «እንደሱ ብለው ቢነግሩት ደስ ይለኛል» አለች። «ሰው ሁሉ እየመጣ 'ያቺ ሴትዮ በርትታ እኮ ነው የዳነችው፣ አንተም በርታ' ይለዋል። እሱ ደግሞ ማታ ማታ 'እኔ ምን ጎደለኝ?' ይለኛል።»

ስልኩን ሰጠችው። አናጢ ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ጨዋ ሰው። እያለቀስኩ እንደገባሁ፣ የሲስተሯን እጅ ጥፍሬ እስኪታተምበት እንደጨበጥኩ ነገርኩት። «እውነት?» አለ። «እውነት» አልኩት። ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደበት። ከዚያ ስለ ሥራው አወራን፤ የጀመረው የልጆች አልጋ እንዳለ፣ እንጨቱ ዋንዛ እንደሆነ። ሁለት ሦስቴ ደግሞ ደወለልኝ። ክረምቱ ሳይወጣ ዐረፈ።

ከዚያ በኋላ ነው እኔን የያዘኝ ግንድ የቱ እንደሆነ መቁጠር የጀመርኩት። አንደኛው የሴሉ ዓይነት ነው፤ እኔ አልመረጥኩትም። ሁለተኛው የተቆረሰው ፍርፋሪ የሄደበት የደም ሥር ትንሽ መሆኑ ነው፤ ወደ ትልቁ ቢሄድ ኖሮ ዛሬ አልጽፍም ነበር። ሦስተኛው ዘመኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ስዊድን ውስጥ፣ ሉንድ ከተማ፣ ኢንገ ኤድለር የተባለ ሐኪምና ሄልሙት ሄርትዝ የተባለ የፊዚክስ ሰው መርከብ በሚሠራበት ድርጅት ብረት ለመፈተሽ የሚያገለግል የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ተውሰው የሰው ልብ ላይ ሞከሩት። ዛሬ ኢኮ የምንለው ከዚያ ነው የመጣው። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ጆን ጊበን ፊላደልፊያ ውስጥ በልብና ሳንባ ማሽን ታግዞ የአንዲት ወጣት ልብ ከፍቶ ቀዳዳውን ዘጋ። በዓመቱ ስቶክሆልም ላይ ክላረንስ ክራፎርድ በእንዲህ ያለ ማሽን ታግዞ ከአንዲት ሴት ልብ ማይክሶማ አወጣ፤ ሴትዮዋም ዳነች። ከዚያ በፊት ይህ እጢ በአብዛኛው የሚታወቀው ሰውየው ከሞተ በኋላ አስከሬን ሲመረመር ነበር። አያቴ ይህ እጢ ቢበቅልባት ኖሮ ስሙን እንኳ የሚነግራት አይኖርም ነበር።

አራተኛው የምኖርበት ከተማ ነው። ከእህቴ ቤት ኢኮ ያለበት ቦታ የአንድ ታክሲ መንገድ ነው። ልቤን የሚከፍት ሐኪምም እዚሁ አገር አግኝቻለሁ፤ ለዚህ ደግሞ ብዙ ሰው ደክሟል። ዶክተር በላይ አበጋዝ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት ድጋፍ የሚያሰባስበውን ድርጅት መሥርተው ለዓመታት ከለፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ሕክምና ማዕከሉ ተከፈተ። ከዚያ በፊት ልቡ መከፈት ያለበት ሰው ተስፋው በአብዛኛው ውጭ አገር መሄድ ነበር። ያቺ የጅማዋ ልጅም ሕፃን ሳለች ጉሮሮዋ ሲታመም ፔኒሲሊን በጊዜው ብታገኝ ኖሮ ደረቷ ባልተከፈተ ነበር። ሰው ሊለውጠው የሚችለው ይህን ነው። የሴሉን ዓይነት ማንም አይቀይርም፤ ኢኮውን ወደ ወረዳ ማቅረብና ፔኒሲሊኑን ለሕፃኑ ማድረስ ግን ይቻላል። የእኔን መዳን በጥንካሬዬ ያስረዳ ሰው ይህ ሁሉ አይታየውም። ጠንካራ ሰው ይበቃል ከተባለ ማን ስለ ማሽን ያስባል?

ስለ ራሴ ዕድል የምጽፈው ሌላ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ እንዳይፈራ ጭምር ነው። ማይክሶማ በጊዜ ከተገኘና ልምድ ባለው እጅ ከወጣ፣ በኦፕራሲዮኑ ምክንያት የሚሞት ሰው ጥቂት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜም ከሌላው ሰው ብዙም አይለይም። የሚመለስበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ከመቶ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን ነው። በዘር የሚተላለፍ፣ በገለጸው ሐኪም ስም ካርኒ የሚባል ዓይነት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ነው የተገለጸው። በዚያኛው እጢው በለጋ ዕድሜ ይመጣል፣ ከአንድ በላይ ሊሆን ይችላል፣ የመመለስ ዕድሉም ከፍ ይላል። ለዚህ ነው ሐኪሙ ከንፈሬ ላይ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ፈልጎ ያጣውና ስለ ወንድምና እህቶቼ የጠየቀኝ። እኔ በየዓመቱ ኢኮ እነሣለሁ። ማታ የሚያተኩሰው፣ የሚከሳ፣ ሲገላበጥ ትንፋሹ የሚለዋወጥ ሰው ስሰማ ኢኮ ተነሥቶ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ ምንም አይገኝበትም፤ ቢገኝ ግን ጊዜ ያተርፋል።

ማኅበራችን ውስጥ ዘግይቼም ቢሆን መሰከርኩ። እያለቀስኩ መግባቴንም፣ የአናጢውንም ታሪክ አብሬ ተናገርኩ። አንዳንዱ ቅር አለው፤ ምስክርነት ላይ ሞት መጥራት ደስ አይልም። የነፍስ አባቴ ግን ሲወጡ ጠጋ ብለው «በርታ የሚባለው ጠያቂው ነው እንጂ ታማሚውማ በርትቶ ነው የተኛው» አሉኝ።

አሁንም ይደወልልኛል። የልብ እጢ የሚል ቃል ከሰማ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይልካል። መጀመሪያ የፓቶሎጂው ወረቀት ምን እንደሚል እጠይቃለሁ፤ ከእኔው ጋር አንድ ከሆነ ያሳለፍኩትን ሁሉ፣ የልብ ምቱን መዘበራረቅም ለቅሶውንም ሳልደብቅ እነግራለሁ። የተለየ ከሆነ የእኔ ታሪክ እንደማይጠቅማቸው ነግሬ፣ እሱ ስለሚወደው ሥራ፣ ስለ ልጆቹ እጠይቃለሁ። በርታ አልልም። ከዚያ ሆስፒታሉ ስንት ሰው ደም ይስጥ እንዳላቸው እጠይቃለሁ፤ ደም ለመስጠት ፈቃደኛ የሆኑ የቢሯችን ሰዎች ስም ዝርዝር እኔ ጋ ነው ያለው፣ የሒሳብ ክፍሉ ልጅም አሁንም አንደኛ ተራ ቁጥር ላይ ነው።